የማናየው መከር

«ጡረታ» የሚለው ቃል ዛሬ ከመሥሪያ ቤት፣ ከደመወዝና ከስንብት ደብዳቤ ጋር ተያይዞ የሚነገር ቢሆንም ሥሩ ከመሥሪያ ቤት የራቀ ነው። «ጦረ» ማለት ያረጀውንና የደከመውን ደገፈ፣ አበላ፣ አለበሰ፣ ተንከባከበ ማለት ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ ሲመረቅ በመራቂውም በተመራቂውም ኅሊና የሚመጣው ልጅ እንጂ መዝገብ ቤት አይደለም። ወላጅ ልጁን በሕፃንነቱ ተሸክሞ ያሳድጋል፤ ልጅም በተራው ወላጁን በእርጅናው ይጦራል። በዚህ አኳኋን የተሰጠው ተመልሶ ይከፈላል፤ ዕዳውም በሁለት ትውልድ መካከል ታስሮ ይፈታል።

ዘመናዊው አስተዳደር ይህን የቤተሰብ ግዴታ በከፊል ወደ ሕግ ለውጦታል። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ መብት በአገራችን በሕግ ከተደነገገ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። የግል ድርጅት ሠራተኞችም በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 መሠረት ከዚሁ ሥርዓት ውስጥ ገብተዋል። መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። የቆቦ ሜዳ ገበሬ ግን በዚህ መዝገብ ላይ ስሙ የለም። እርሱ ጉልበቱ እስኪከዳው ያርሳል፤ ጉልበቱ ሲከዳው ሞፈሩን ለልጁ ያስረክብና ጥላ ሥር ይቀመጣል። የስንብት ደብዳቤ የሚጽፍለትም ሆነ የሚያመሰግነው አለቃ የለውም።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የሚነሣው እንግዲህ ከዚህ ላይ ነው። ከመደበኛ ሥራው የተሰናበተ ሰው፣ መምህርም ይሁን ገበሬ፣ የቀረው ዕጣ መጦር ብቻ ነው ወይ? ወይስ እርሱም በበኩሉ የሚጦረው ነገር አለ? ይልቁንም ማንም ሳያዘው፣ ዋጋም ሳይቆረጥለት፣ ፍሬውን ለማየት ዕድሜው እንደማይበቃ እያወቀ አንድን ነገር ነቅቶ ቢጠብቅ ድካሙን በምን ሚዛን እንመዝነዋለን? ከብልኅነት እንቆጥርለታለን፣ ከየዋህነት፣ ወይስ ሌላ ስም ይገባዋል?

ከአሸዋ ሥር ያለው

ጥያቄውን አጥርቶ ለማየት በመጀመሪያ ከአገራችን ርቆ ከውቅያኖስ ጠረፍ አንድ ምሳሌ መውሰድ ይጠቅማል። በዚያ የሚታየው ጥበቃ ለጠባቂው አንዳች ጥቅም የማይመልስ በመሆኑ የነገሩን ባሕርይ ያለ መሸፈኛ ያሳየናል።

በዓለም ላይ 7 ዓይነት የባሕር ኤሊዎች አሉ። ኑሯቸው በውኃ ውስጥ ሲሆን እንቁላላቸውን የሚጥሉት ግን በየብስ ነው። እናቲቱ ከባሕር ወጥታ በአሸዋው ላይ እየተጎተተች ሽቅብ ትጓዛለች። በኋላ እግሮቿ ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ 100 ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ አሸዋውን መልሳ ካለበሰች በኋላ ወደመጣችበት ትመለሳለች። ከዚያ ወዲያ ጎጆዋን ዞር ብላ አታይም። እንቁላሉን የሚያቅፈው ፀሐይ ያሞቀው አሸዋ ነው። ሙቀቱ ከፍ ሲል ሴቶች፣ ዝቅ ሲል ወንዶች ይበዛሉ። ሁለት ወር ያህል ቆይተው የሚፈለፈሉት ጫጩቶች አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ይወጡና ብርሃን ወደሚታይበት አድማስ ያመራሉ። ሰው ሠራሽ መብራት በሌለበት ጠረፍ ያ አድማስ ባሕሩ ነው። ከ1,000 ጫጩት አንዱ ለአካለ መጠን ቢደርስ ነው ተብሎ ይገመታል። ከእነዚህ ዓይነቶች አንዱ የሆነው አረንጓዴው የባሕር ኤሊ ለመውለድ እስኪደርስ 20 ወይም 30 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ያን ጊዜ ሴቲቱ የሰፊውን ባሕር መንገድ አቋርጣ ወደ ተወለደችበት አካባቢ ትመለሳለች።

ይህን ጎጆ የሚያጠፋው ብዙ ነው። ውሻና ቀበሮ ይቆፍሩታል፤ ሰው እንቁላሉን ለምግብ ይለቅመዋል፤ የሆቴልና የመንገድ መብራት ጫጩቶቹን ከባሕሩ አዙሮ ወደ የብስ ይመራቸዋል። በመሆኑም በብዙ አገሮች ጠረፍ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ጠባቂዎች ተነሥተዋል። ለምሳሌ ያህል በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ጠረፎች ከእነዚህ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው። በየማለዳው ጠረፉን በእግራቸው ይቃኛሉ፤ እናቲቱ የተወችውን ዱካ ይፈልጋሉ፤ ጎጆውን በችካል ምልክት ያደርጉበታል፤ አስፈላጊ ሲሆን አውሬ እንዳይቆፍረው መረብ ይዘረጉበታል፤ ባለቤቶችን እየዞሩ መብራታችሁን አጥፉልን ብለው ይለምናሉ። ሥራው ይኸው ነው። ደመወዝ የለበትም።

አሁን አንድ ስሌት እናስላ። ዕድሜው 65 የደረሰ አንድ ጡረተኛ በዚህ ዓመት የአረንጓዴ ኤሊ ጎጆ ጠበቀ እንበል። ከዚያ ጎጆ የወጣች አንዲት ጫጩት ከሞት ሁሉ አምልጣ እናት ሆና ብትመለስ ጠባቂው 85 ወይም 95 ዓመት ይሆነዋል። በሕይወት ቢቆይ እንኳ ለይቶ አያውቃትም፤ እርሷም አታውቀውም። ስለዚህ በዚህ ሥራ ውስጥ የሚመለስ ብድር የለም። ልጅ ወላጁን ይጦራል ብለን በመነሻችን ላይ የተናገርነው ቋጠሮ እዚህ ላይ አይሠራም።

ከዚህም የከፋ ፈተና አለበት። ኬምፕስ ሪድሊ የሚባለው ሌላው የባሕር ኤሊ ዋነኛ መራቢያው በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ራንቾ ኑዌቮ ከተባለው ጠረፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በተነሣ ፊልም ላይ በአንድ ቀን ብቻ 40,000 ያህል እናት ኤሊዎች ለእንቁላል ወጥተው እንደነበር ተገምቷል። የሜክሲኮ መንግሥት ጠረፉን ማስጠበቅ የጀመረው በ1966 ነው፤ በ1978 ደግሞ ከአሜሪካ ጋር የጋራ ሥራ ሆነ። ይሁንና ቁጥሩ ማሽቆልቆሉን አላቆመም፤ በ1985 በዓመቱ ውስጥ የተቆጠሩት ጎጆዎች 702 ብቻ ነበሩ። በ1966 ዘብ የቆመው ሰው እንግዲህ 19 ዓመት ሙሉ የጠበቀው ነገር እየመነመነ ሲሄድ አይቷል ማለት ነው። ጎጆዎቹ እንደገና በሺህ መቆጠር የቻሉት ከዚያ ዘግይቶ ነው። ያን ጊዜ የተገኘውም ውጤት በከፊል ተስፋ በሚያስቆርጡት ዓመታት የተጠበቁት እንቁላሎች ውጤት ነበር። አረንጓዴው ኤሊም ከአሥርተ ዓመታት ጥበቃ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት መዝገብ ዝቅ ወዳለ የሥጋት ደረጃ አዛውሮታል። በ1970ዎቹ ማለዳ ጠረፉን በእግራቸው ከቃኙት ሽማግሎች ብዙዎቹ ይህን ወሬ ለመስማት አልቆዩም።

ከጠባቂዎቹ ደንቦች መካከል አንዱ በተለይ ሊጤን ይገባዋል። ጫጩቶቹ ወደ ባሕር በሚያመሩበት ጊዜ ጠባቂው በእጁ አንሥቶ ውኃ ውስጥ እንዲያስገባቸው አይፈቀድለትም። መንገዱን ያጸዳል፤ መብራቱን ያስጠፋል፤ ውሻውን ያባርራል፤ ከዚያ ዘወር ብሎ ይቆማል። በአሸዋው ላይ የሚደረገው ጉዞ የጫጩቷ የራሷ ነው። ጥበቃ ምን እንደሆነና የት ላይ መቆም እንዳለበት ይህ ደንብ ያስተምረናል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የማሽላው ዘር

ራያ ቆላ ባሕር የለውም። በምዕራብ የላስታ ተራሮች፣ በምሥራቅ የዞብል ሰንሰለት፣ ከዞብል ባሻገር የአፋር በረሃ፣ በመካከል የቆቦ ሜዳ ተዘርግቷል። ጎሊናና ሆርማት የመሳሰሉት ወንዞች ከደጋው ወርደው ሜዳውን ያቋርጡና ወደ አፋር ቆላ ይዘልቃሉ። ገበሬው ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል። የበልጉ ዝናብ አንድ ዓመት ቢመጣ አንድ ዓመት ይቀራል፤ ክረምቱም ዘግይቶ ገብቶ ፈጥኖ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ሜዳ ላይ ከአሸዋ ሥር እንደተደበቀው እንቁላል ጠባቂ የሚሻ ነገር ቢኖር ዘር ነው። በአማርኛችን «ዘር» የሚለው አንድ ቃል የእህሉን ፍሬም፣ የሰውንም ትውልድ መጥራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። «ዘር ከልጓም ይስባል» ስንልም የምናስበው ሁለቱንም ነው።

የቆቦ ገበሬ ጥበቃን ከጥንት ያውቀዋል። ማሽላው ዛላ ሲያወጣ ማማ ይሠራል፤ ልጅና ሽማግሌ ማማው ላይ ወጥተው በወንጭፍ ግሪሳ ወፍ ይከላከላሉ። ይህ ግን የዓመቱን እንጀራ መጠበቅ ነው፤ የጠበቀ ይበላል። ከዚህ የተለየ፣ ዝም ያለና የማይታይ ሌላ ጥበቃ አለ። ይኸውም አጨዳ ሳይደርስ በማሳው ውስጥ እየተዘዋወሩ፣ ከዛላው መካከል የበረታውን፣ ድርቁንና አቀንጭራውን የቻለውን፣ ፍሬው የሞላውን እየመረጡ ለዘር ማስቀረት ነው። የተመረጠው ዛላ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ነቀዝ እንዳይደፍረው ጢስ ይጠጣል። ምርጫው ዓይንን ይጠይቃል፤ ዓይኑም ብዙ መከርና ብዙ ድርቅ ማየትን። በዚህም ምክንያት ሥራው ሞፈር ማንሣት ላቃታቸው አረጋውያን ወንዶችና ሴቶች ይስማማል።

ደጋሌትና ጅጉርቲ የሚባሉት የአካባቢው ማሽላዎች በዚህ ዓይነት ምርጫ የተገኙ ናቸው። ደጋሌትን ለመጀመሪያ ጊዜ ከማሳው ለይቶ ያወጣው ሰው ማን እንደነበር የሚያውቅ የለም። ምናልባት አንድ ሰው ብቻም አልነበረም፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናት ወደ ምራት የተላለፈ የብዙ ዓይኖች ሥራ ነው። መጽሐፍ ቢሆን ደራሲው በሽፋኑ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ቤተ መንግሥት ቢሆን ያሠራው ንጉሥ ይታወስበት ነበር። የዘር ደራሲ ግን ስም የለውም። በቆቦ ሜዳ ላይ ማሽላ የበላ ሰው ሁሉ ስማቸውን ከማያውቃቸው ሰዎች ማዕድ በልቷል።

ይህ ሰንሰለት የሚበጠስባቸው ጊዜያት አሉ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. ኮረምን፣ አላማጣንና ቆቦን ያጠቃለለው ታላቅ ድርቅ የሰውን ሕይወት ብቻ አልወሰደም። ጎተራው ባዶ በሆነ ጊዜ ከምድጃ በላይ የተሰቀለው ዛላ ወረደ፤ ተፈጭቶም ለልጆች ተሰጠ። በዚያን ዓመት ዘሩን የበላውን አባት የሚወቅስ ቢኖር ረሃብን የማያውቅ ሰው ነው። ነገር ግን የተበላው አንድ ቁና ማሽላ አልነበረም፤ የብዙ ትውልድ ምርጫ እንጂ።

ይህን አደጋ ቀደም ብለው ከተገነዘቡት መካከል የዕፅዋት ዘር ተመራማሪው ዶክተር መላኩ ወረደ ስማቸው በክብር ይነሣል። የኢትዮጵያ የዕፅዋት ጀነቲክ ሀብት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1976 ከተቋቋመ በኋላ እርሳቸው ለብዙ ዓመታት መርተውታል። በድርቁ ዘመን የአገር ዘሮች ጨርሰው ሳይጠፉ እንዲሰበሰቡ ጥረት ተደርጓል። ስለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ዋነኛው ሐሳባቸው ዘር በቀዝቃዛ መጋዘን ተቆልፎ መቀመጡ ብቻውን አይበቃም የሚል ነበር። መጋዘን ውስጥ ያለ ዘር ከመጥፋት ቢድንም ከአየሩና ከአፈሩ ጋር አብሮ አይለወጥም፤ በገበሬው ማሳ ላይ በየዓመቱ የሚዘራውና የሚመረጠው ግን ከተለወጠው ጊዜ ጋር ይለወጣል። ስለዚህ በሸዋና በወሎ ከገበሬዎች ጋር በማሳቸው ላይ የዘር ጥበቃ ሥራ አስጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 የማዕከሉን ኃላፊነት ከለቀቁ በኋላም ከዚህ ጉዳይ አልራቁም፤ በአገር ውስጥም በውጭም ያወቁትን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከሥራ መሰናበትና ከአደራ መሰናበት የተለያዩ መሆናቸውን የእርሳቸው ሕይወት ያሳያል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

ከላይ የተባለው ሁሉ መልካም ቢመስልም ጠንካራ ተቃውሞዎች ይጠብቁታል። የሥነ ምግባር ሐሳብ የሚፈተነው ደግሞ በምስጋና ሳይሆን በተቃውሞ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የድህነት ነው። የኤሊ እንቁላል የሚጠብቀው ጡረተኛ ቁርሱን በልቶ የወጣ ሰው ነው፤ በየወሩ የሚከፈለው አበል አለው። የቆቦውን ሽማግሌ ለማይወለዱ ልጆች ዘር ጠብቅ ማለት ግን የደላው ሰው ለራበው የሚሰጠው ምክር አይሆንም ወይ? እውነት ነው፤ ይሆናል። ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ግን ጥበቃ ለድሃ አይገባም የሚል አይደለም። የሚከተለው፣ የጥበቃ ሸክም በአንድ ቤት ምድጃ ላይ ብቻ መሰቀል የለበትም የሚል ነው። አንድ ቤት ሲርበው ዘሩን ይበላል፤ ዘሩ በ10 ቤትና በማኅበር ጎተራ ተከፋፍሎ ቢቀመጥ ግን በአንዱ የጠፋው በሌላው ይገኛል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህም ይሠራል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአካባቢው የተካሄደው ጦርነት ከሰው ሕይወት ጋር ማሳንና ጎተራን መጉዳቱ ይህን ነጥብ አጽንቶታል። ዘርን የሚያጠፋው የዝናብ መቅረት ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የግዳጅ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በወሎ ተራሮች ላይ በምግብ ለሥራ ዕርከን ተሠርቷል፤ ኮረብቶች ከከብት ተከልለዋል፤ ብዙ ችግኝም ተተክሏል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን ከዚያ ደን ብዙው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተቆረጠ። የቆረጠው ሰው ዛፍ የሚጠላ ሆኖ አይደለም። የግጦሽ መሬቱ ሲከለል አልተጠየቀም ነበር፤ ዛፉም የእርሱ መሆኑን አላመነም ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በበጋ ወራት በሕዝብ ጉልበት የሚካሄደው የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ከፍተኛ ጥቅም ያለው መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን «በጎ ፈቃድ» የተባለው ስም በውስጡ ፈቃድ የሚል ቃል እንዳለበት መዘንጋት አይገባም። እምቢ ለማለት በማይቻልበት ቦታ እሺ ማለት ዋጋ የለውም። ሰው ተገዶ የጠበቀውን የሚጠብቀው አስገዳጁ እስካለ ድረስ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው፤ ምክንያቱም የሚመጣው ከባዕድ ሳይሆን ከገዛ ልጅ ነው። ደጋሌት በበልጉ ዝናብ በሚያዝያ ገደማ የሚዘራ፣ ለመድረስም ከ6 ወር የማያንስ ጊዜ የሚፈልግ ማሽላ ነው። አገዳው ረዥም ነው፤ ለከብት መኖ፣ ለቤት ክዳንና ለማገዶ ይሆናል፤ እንጀራውም ይወደዳል። በልጉ ሲቀር ወይም ክረምቱ ፈጥኖ ሲወጣ ግን ሳያፈራ ይደርቃል። በአንጻሩ ከስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡትን እንደ ጊራና 1 እና ምስክር የመሳሰሉትን ፈጥነው የሚደርሱ ዝርያዎች የሚዘራ ወጣት ዝናቡ ቢያጥር እንኳ ቤተሰቡን ሊያበላ ይችላል። እንግዲህ ወጣቱ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፤ «አባቴ፣ ይህ ዘር በየሦስት ዓመቱ ባዶ እጃችንን ያስቀረናል። አንቱ ስለ ወደዱት ነው እንጂ እኛን ምን ይጠቅመናል? የማይወለደውን ሲያስቡ የተወለደውን ረሱ እኮ።»

ይህ ጥያቄ የድፍረት ጥያቄ አይደለም፤ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። ሽማግሌው «የአባቶቻችን ዘር ነውና ማሳውን በሙሉ በርሱ ዝራ» ቢል ጠባቂ መሆኑ ይቀርና ገዥ ይሆናል። ወደ ባሕር የምታመራውን ጫጩት በእጁ አንሥቶ መንገዷን እንደሚወስንላት ሰው መሆኑ ነው። ወጣቱ በበኩሉ «ያለፈበት ነው» ብሎ የመጨረሻውን ዛላ ቢያስፈጭ ነገ ዝናቡ ቢመለስ፣ ወይም ዛሬ ያልታወቀ በሽታ አዲሱን ዝርያ ቢመታ፣ የሚመለስበት የለውም። አዲስ ዝርያ የሚያወጣውም ተመራማሪ ቢሆን የሚነሣው ከአሮጌዎቹ ዘሮች ነው። ስለዚህ መልሱ ያለው በልኩ ላይ ነው። ማሳው የሚዘራው ሰው ነው፤ የሽማግሌው ድርሻ ጥቂት ትልም ነው። በዚያች ጥቂት ትልም ላይ ደጋሌቱን በየዓመቱ ይዘራል፤ ይመርጣል፤ ይሰቅላል። ልጁ ይፈልገው ይሆናል፤ ላይፈልገውም ይችላል። ጠባቂው የሚያቆየው ምርጫውን ነው እንጂ የምርጫውን ውጤት አይደለም።

አደራና ባለቤትነት

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት በጥበቃና በባለቤትነት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ባሕር ዛፍ የሚተክል ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቆርጦ ይሸጠዋል፤ ድካሙና ዋጋው በአንድ እጅ ይገናኛሉ፤ ይህ የተመሰገነ ሥራ ነው። በስተርጅናው ወይራ የሚተክል ሰው ግን ድካሙን በአንድ እጅ፣ ዋጋውን በሌላ እጅ ያኖራል። ለማን እንደሚተርፍ አያውቅም። ይህን የሚያደርገው ከሌላው የተሻለ ልብ ስላለው ላይሆን ይችላል። ቁጭ ብሎ ሲያስበው እርሱም የተጠለለው ራሱ ካልተከለው ሾላ ሥር መሆኑን ያየ እንደሆነ ነው። ዕዳውን ለሰጡት ሰዎች መመለስ አይችልም፤ ሞተዋል። ስለዚህ ወደፊት ይከፍለዋል። «የአባት ዕዳ ለልጅ» እንላለን፤ በዚህ ሥራ ግን የልጁን ዕዳ አስቀድሞ የሚከፍለው አባቱ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለራያ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። በቆቦና በአካባቢው «ዘወልድ» በሚባለው የሽምግልና ሥርዓት አረጋውያን ደም የተቃቡ ወገኖችን ያስታርቃሉ። የሽማግሌው ድካም የሚጠቅመው በዕለቱ የታረቁትን ብቻ አይደለም። ገና ያልተወለደው ልጅ ከአያቱ የወረሰው የደም ዕዳ ሳይኖርበት በገበያ ቀን ወደ ቆቦ እንዲወጣና በሰላም እንዲገባ ያደርገዋል። ያ ልጅ ማን እንዳስታረቀለት አይጠይቅም፤ ጠላት እንደነበረውም አያውቅም። የሽምግልናው ከፍተኛ ውጤት የሚታየው የተደረገው ነገር ፈጽሞ በተረሳ ጊዜ ነው። ዘር መጠበቅና እርቅ መጠበቅ እንግዲህ የአንድ ጠባይ ሁለት ሥራዎች ናቸው።

በመነሻችን ላይ የጠየቅነው ተጧሪው የሚጦረው ነገር አለ ወይ ብለን ነበር። አለ። ልጅ ወላጁን የሚጦረው ወላጁ ስለደከመ ነው። ገና ያልተወለደው ሰው ደግሞ ከደካማ ሁሉ የበለጠ ደካማ ነው፤ አፍ የለውም፣ ድምፅ አይሰጥም፣ ፍርድ ቤት አይቆምም፣ ዘሬን አትብሉብኝ ብሎ አይለምንም። ጧሪ የሚያስፈልገው ከሆነ ከእርሱ ይልቅ የሚያስፈልገው የለም። ለዚህ ሥራ ከአረጋዊ የተሻለ ሰው መፈለግ ያዳግታል። ወጣቱ የዛሬውን እንጀራ የማምጣት ግዴታ አለበት፤ አረጋዊው ግን ከዛሬው ውድድር በከፊል ወጥቷል። ፍሬውን እንደማያይ ማወቁም ድክመቱ ሳይሆን ብቃቱ ነው፤ ለራሱ ያደላል ተብሎ አይጠረጠርም።

ከዚህ በመነሣት ከመሥሪያ ቤት የተሰናበቱ ሰዎች በየአካባቢያቸው ሊያደርጉ የሚችሉት ብዙ ነው። በቆቦ፣ በሮቢትና በወልድያ ብዕር መያዝ የሚያውቁ ጡረተኛ መምህራን፣ ማሳ ለማሳ ሲዞሩ የኖሩ የግብርና ባለሙያዎች፣ መዝገብ ያገላበጡ ጸሐፊዎች አሉ። ማሽላ መምረጥ የሚያውቁት ገበሬዎች ደግሞ በየመንደሩ አሉ፤ እነርሱ የሚያውቁት ግን አልተጻፈም። የዘሩን ስም፣ የሚዘራበትን ወር፣ የሚወድደውን አፈር፣ የቻለውንና ያልቻለውን ድርቅ፣ ለምን ለምን ምግብ እንደሚሆን ከባለሙያው ገበሬ አፍ ተቀብሎ መጻፍ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥትና የእግር መንገድ ይበቃዋል። እያንዳንዱ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ሲያልፍ አብሮ የሚቀበረው ዕውቀት ግን በገንዘብ አይገኝም።

ይህን የሚሠራ ሰው ውጤቱን በመጀመሪያው ዓመት ቢጠብቅ ያዝናል። የሚያየው ምናልባት የራንቾ ኑዌቮ ጠባቂዎች ለ19 ዓመት ያዩትን ነው። ልጆቹ ሊስቁበት፣ ዘመኑ ሊያልፈው፣ ዝናቡ ሊቀርበት ይችላል። ቢሆንም በየዓመቱ ጥቂት ትልም ይዝራ፤ የበረታውን ዛላ ይምረጥ፤ ከምድጃው በላይ ይስቀል፤ ስሙን በደብተር ይጻፍ፤ ለሚጠይቀው ይስጥ፤ ለማይጠይቀው ይቆይለት። የሚያጭደው ሰው ሲመጣ ዘሩ ከቦታው መገኘቱ ለሥራው በቂ ዋጋ ነው።